መሰላሉን ከላይ የጀመረው ሹፌር

ከሰበታ ተነስቶ በጅማ መንገድ ወደ ተጂ የሚሄድ ሰው ሰፊውን የበቾ ሜዳ ያገኛል። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ለመንገደኛ በመስኮት የሚያልፍ ሜዳ ነው። በየቀኑ ለሚመላለስበት የሚኒባስ ሹፌር ግን ይህ መንገድ ወገቡን የሚበላ እንጀራው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ከእነዚህ ሹፌሮች አንዱ ነው። ስሙ አይጠቀስም። የተጂ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። የሚነዳት ሚኒባስ የሌላ ሰው ናት። ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ይችላል፤ ከተረፈው ለረዳቱ ሰጥቶ የቀረውን ይዞ ቤቱ ይገባል። በዚህ ሥራ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ሹፌር ሦስት አራት ቀን ከጠፋ ቁልፉ ለሌላ ይሰጣል።

ወገቡ መታመም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ማስታገሻ ወሰደ፣ ወጌሻ ጋ ሄደ፣ በትራሱ ላይ ትራስ ደረበ። አልተሻለውም። ባለፈው ዐቢይ ጾም ሰበታ መናኸሪያ ተራ እየጠበቀ ስልኩን ሲነካካ አንድ ቪዲዮ አገኘ። አንዲት ፈረንጅ በባሕር ዳርቻ ላይ ሰውነቷን እንደ ገመድ ታጥፋለች፤ ከሥሩ በሃያ አንድ ቀን የወገብ ሕመም እንደሚጠፋ ተጽፏል። ነጻ ነው፤ የሚያስፈልገው ምንጣፍና ግድግዳ ብቻ ነው።

ከማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ጎንበስ ቀና የሚያደርጉትን ሠራ፤ ደስ አለው። በሁለተኛው ሳምንት ቪዲዮው ወደ ትንፋሽ ገባ፤ እንደ ወናፍ በፍጥነት መተንፈስ፣ ከዚያ አፍኖ መያዝ። ራሱን አዞረው፤ ሰውነቱ እየጸዳ ነው ብሎ አለፈው። በሦስተኛው ሳምንት በጭንቅላት መቆም መጣ። እግሮቹን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ደቂቃ ይቆጥራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ እየጾመ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሲወርድ አንገቱ ቀጭ አለ።

አንገቱን ማዞር የማይችል ሹፌር ደግሞ መንዳት አይችልም። የመጀመሪያውን ቀን መላ ሰውነቱን እያዞረ ስፖኪዮ ለማየት ሞከረ፤ ረዳቱ ፈርቶ አስቆመው። በአራተኛው ቀን ባለንብረቱ ደውሎ ለጊዜው ሌላ ልጅ እንደሚያስነዳ ነገረው። “ለጊዜው” የሚለው ቃል በዚህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

* * *

ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ ተነሳ። እናቱ ጾመኛ ናቸው፤ ስግደት አያጓድሉም። ልጃቸው ሌሊት ተነስቶ ግድግዳ ሥር የሚያደርገውን አይተው ጸሎት መስሏቸው ዝም ብለው ነበር። የዮጋን ስም ሲሰሙ ግን ነገሩ ተለወጠ። “ያ የሕንድ አምልኮ ነው አንገትህን የጠመዘዘው” አሉ፤ ጠበል ካልሄድክ ብለው ያዙት። ፕሮቴስታንት የሆነው ጎረቤታቸውም ለአንድ ጊዜ ከእሳቸው ጋር ተስማማ፤ እሱም በሰባኪው ቪዲዮ ላይ ይህንኑ ሰምቷል። በሌላ ወገን ስፖርት ቤት የሚሠራ ጓደኛው አለ። እሱ ይስቃል። “ሰውነት ማፍታቻ ነው፤ ሃይማኖት ውስጥ ምን ከተታችሁ? ስትወርድ ነው የተሳሳትከው፤ ሲሻልህ ቀጥል” ይለዋል።

የጤና ባለሙያዋ ግን ከሁለቱም ወገን አልሆነችም። አዲስ አበባ ሄዶ ያገኛት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንገቱን በጣቷ እየዳሰሰች ማን እንዳስተማረው ጠየቀችው።

“ስልክ” አላት።

“ስልኩ አንገትህን አይቶታል?”

መልስ አልነበረውም።

* * *

ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ሰባኪና ከማንኛውም የስፖርት አሠልጣኝ ይልቅ ወደ ጥንቱ የዮጋ ትምህርት ይቀርባል። ዛሬ በስልክ የሚታየው ዮጋ ምንጩ ሃታ ዮጋ የሚባለው ዘርፍ ነው። ሃታ በሳንስክሪት ኃይል፣ ብርታት ማለት ነው። የዘርፉ ዋና መጽሐፍ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስቫትማራማ የጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ ነው። መጽሐፉ ገና ሲጀምር ሃታን ወደ ከፍተኛው ዮጋ በሚያወጣ መሰላል ይመስለዋል። መሰላል ደግሞ ከታች ነው የሚወጣው።

የመጽሐፉ አራት ምዕራፎች ራሳቸው ተራ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ቦታ፣ ስለ ምግብና ስለ አቀማመጥ ነው፤ አቀማመጡ አሳና ይባላል። ሁለተኛው ስለ ትንፋሽ፣ ማለትም ስለ ፕራናያማ፣ እንዲሁም አፍንጫን፣ ሆድንና አንጀትን ስለሚያጸዱ ስድስት ተግባራት ነው። ሦስተኛው ሙድራና ባንዳ ስለሚባሉት የሰውነት ቁልፎች ነው። አራተኛው አእምሮ ጸጥ የሚልበት ሳማዲ ነው። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ጌራንዳ ሳምሂታ ደረጃውን ሰባት ያደርገዋል። ማጽዳት፣ አቀማመጥ፣ ሙድራ፣ ስሜትን መሰብሰብ፣ ትንፋሽ፣ ተመስጦ፣ በመጨረሻም ሳማዲ። እያንዳንዱ ደረጃ ፍሬ አለው፤ ማጽዳቱ ለንጽሕና፣ አቀማመጡ ለጥንካሬ፣ ሙድራው ለጽናት፣ ስሜትን መሰብሰቡ ለዕርጋታ፣ ትንፋሹ ለቅለት እያለ ይቀጥላል። የፊተኛው ፍሬ ለኋለኛው መሠረት ነው።

ጌራንዳ የሰውን አካል በውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጥሬ ሸክላ ይመስለዋል። ያልተተኮሰ ሸክላ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል። ጀበና ወይም ምጣድ ሲሠራ ላየ ሰው ምሳሌው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ታቦካለች፣ ትሠራለች፣ ታደርቃለች፣ ከዚያ ትተኩሳለች። እርጥቡን እሳት ውስጥ ብትጨምረው ይፈነዳል።

ፕራዲፒካ ስለ ትንፋሽ ሲናገር ማስጠንቀቂያው ይጠነክራል። አንበሳ፣ ዝሆንና ነብር ቀስ በቀስ እንደሚገሩ ትንፋሽም እንደዚያው እንዲገራ ያዛል። ካልሆነ ባለቤቱን ይገድላል ይላል። በስህተት ለሠራው ደግሞ ሕመሞቹን በስም ይቆጥራል፤ ስቅታ፣ አስም፣ ሳል፣ የራስ፣ የጆሮና የዓይን ሕመም። የትንፋሽ መንገዶችን ለማጽዳት ብቻ ሦስት ወር ይሰጣል። የተጂው ሹፌር ለዚህ የተሰጠው አንድ ሳምንት ነበር።

እግርን ወደ ላይ፣ ራስን ወደ ታች የሚያደርገው ልምምድም በመጽሐፉ አለ። የተቀመጠው ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ፣ ከአቀማመጥና ከትንፋሽ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚፈቀደው ለቅጽበት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ይጨመራል። አንድ ነገር ደግሞ ይታከልበታል። ይህ ልምምድ የሆድን እሳት ስለሚያነድ የሚሠራው ሰው በቂ ምግብ ሊኖረው ይገባል፤ ምግቡ ካነሰ እሳቱ ሥጋውን ይበላል።

ጾመኛው ሹፌር ደቂቃ ይቆጥር የነበረው በባዶ ሆዱ ነው።

* * *

ይህን የነገሩት አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። እሱ ሥራ ፈትቶ መናኸሪያ ሲውል፣ ሰበታ ለመሄድ መኪና ሲጠብቁ አገኙት። ጋሼ ነው የሚላቸው፤ ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። አንገቱን አይተው ጠየቁት፤ እሱም ነገራቸው። ሌላ ሰው ይሳለቃል ወይ ይቆጣል፤ እሳቸው ግን የጠየቁት “ጾም ላይ ነበርክ?” ብለው ነው።

በንጉሡ ዘመን በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሕንድ መምህራን ብዙ ነበሩ፤ በተለይ ከኬራላ የመጡ። ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ አስተምረው አንድ ትውልድ አሳልፈዋል። ጋሼም ያኔ ጊዮን በምትባለው ወሊሶ ሲማሩ አንድ ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያዩታል። እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ፣ ሳይንቀሳቀስ። አንድ ቀን ደፍረው እንዲያስተምራቸው ጠየቁት። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቃቸው ስለሚበሉት ነው። ጾም መሆኑን ሲነግሩት ከፋሲካ በኋላ እንዲመጡ ነግሮ ላካቸው።

“ተቆጥቼ ነበር” አሉ ጋሼ። “ጾማችንን የናቀ መስሎኝ። ከዓመታት በኋላ መጽሐፋቸውን በእንግሊዝኛ ሳነብ ነው የገባኝ። ጀማሪው ወተትና ቅቤ ያለበት ምግብ እንዲበላ ነው የሚለው፤ እንዳይጾምም ያዛል። ሰውየው ጾሜን አከበረልኝ እንጂ አልናቀውም። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርግ ነው ያለኝ።”

ከፋሲካ በኋላ ሄዱ። ሕንዳዊው ያስተማራቸው ቀጥ ብሎ መቀመጥና ትንፋሽን ሳይገፉ መከታተል ብቻ ነው። ወራት አለፉ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ከዚያ መምህሩ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጋሼ ከዚያ ደረጃ አልፈው አያውቁም፤ ማለፍም አልፈለጉም። አሁን ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ጀርባቸው እንደ ጎልማሳ ቀጥ ያለ ነው።

* * *

ከላይ ያለው የጾም ነገር ትንሽ ቢመስልም የዚህ ሁሉ ክርክር ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ የለም፤ በቀን ምግብ የሚቀመሰው ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ስግደቱ፣ ጸሎቱ፣ የምግቡ ዓይነትና የሰሙነ ሕማማቱ ብርታት አንዱ ከአንዱ የተያያዘ ነው። ጾሙ ሰውን ወደ ድካም ወስዶ በድካሙ ውስጥ እንዲጸልይ ያደርገዋል። የፕራዲፒካ መንገድ ሌላ ነው። ጀማሪውን ይቀልባል፣ ጎህ ሲቀድ እንዳይታጠብ፣ ሰውነቱን እንዳያጎሳቁል ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ከፊቱ የሚጠብቀው የትንፋሽ ሥራ ከባድ ነው። ሲበላም ከሆዱ ሩቡን ባዶ እንዲተው ያዘዋል። ሁለቱም ሥርዓቶች አስተዋይ ናቸው። አንድ እግሩን በአንዱ መሰላል፣ ሌላውን በሌላው ያደረገ ሰው ግን መሰላሎቹ ሲራራቁ ይወድቃል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የራሷ መሰላል አላት። በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለትም በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ የሚያጠኑ መምህራን ዐሥር ማዕረጋትን ይቆጥራሉ። ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ ናቸው፤ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ። አራቱ የንጽሐ ነፍስ ናቸው፤ አንብዕ፣ ኩነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው፤ ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞና ንጻሬ ሥላሴ። የመጀመሪያው ማዕረግ ጽማዌ ዝምታ ነው። ስቫትማራማም ዮጋን ከሚያጠፉ ነገሮች መካከል ከመጠን በላይ መብላትንና ለፍላፊነትን ይቆጥራል። የተራራቁ ሁለት ዓለማት፣ ሁለቱም ሥራውን ከአፍ ይጀምራሉ።

ይህ ማለት ግን ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። የአንዱ መድረሻ ሥላሴን ማየት ነው፤ የሌላው አእምሮ በሳማዲ መስጠም ነው። ፕራዲፒካ የሚጀምረውም የሃታ ዮጋ የመጀመሪያ መምህር ነው ለሚለው ለሺቫ በመስገድ ነው። ስለዚህ ሰባኪው ይህ ነገር ሃይማኖታዊ ሥር አለው ሲል ከሜዳ አልተነሳም። የስፖርት ቤቱ ልጅም ዛሬ የሚሠራው አብዛኛው ዮጋ ሰውነት ማፍታቻ ነው ሲል አልዋሸም። ዛሬ በዓለም የታወቀው ዮጋ በእጅጉ የተቀረጸው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ክሪሽናማቻርያ ካስተማራቸው መካከል አይንጋርና ፓታቢ ጆይስ ወጥተው ዓለምን አዳርሰዋል። ብዙዎች የዮጋ ሁሉ መጀመሪያ የሚመስላቸው የፀሐይ ሰላምታ የሚባለው ተከታታይ እንቅስቃሴ እንኳ በፕራዲፒካ ውስጥ የለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባጸደቀው ውሳኔ ሰኔ 14 ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሲሆን የተጠቀሰው ምክንያት ጤና ነው።

የሁለቱም ስህተት ተመሳሳይ ነው። ሰባኪው የመሰላሉን ጫፍ አይቶ እግር ማፍታታትን ሁሉ አምልኮ ያደርገዋል። የስፖርት ቤቱ ልጅ የታችኛውን እርከን አይቶ ከላይ ያለውንም ትንፋሽ ማፈንና መገልበጥ እንደ ሩጫና ፑሽ አፕ ይቆጥረዋል። በመካከል ያለውን ደረጃ የሚያይ ጠፋ። የተጎዳው ደግሞ የተከራካሪዎቹ አንገት አይደለም፤ የሹፌሩ ነው።

* * *

እዚህ ላይ ትክክለኛ ተቃውሞ ይነሳል። ደረጃ፣ ተራ፣ መምህር የሚባለው ነገር ሰውን ማሰሪያም ይሆናል። “ገና አልደረስክም” የሚለው ቃል ተማሪውን ዕድሜ ልኩን ደጅ ሊያስጠና ይችላል። በዮጋ ዓለም ስማቸው የገነነ አንዳንድ መምህራን በገዛ ተማሪዎቻቸው በበደል ተከሰዋል። በአገር ውስጥም ቢሆን አጥማቂ ነኝ፣ አባት ነኝ እያለ የሰው ጥሪት የሚበላው ጥቂት አይደለም። ስልኩ ቢያንስ ገንዘብ አልጠየቀም፤ አላዋረደም።

ይህ እውነት ነው። ስቫትማራማ ራሱ ዮጋን ከሚያጠፉት ስድስት ነገሮች አንዱ ደንብን ሙጭጭ ብሎ መያዝ ነው ብሏል። ደረጃው ለመምህሩ ክብር የተሠራ አይደለም፤ ለተማሪው አካል ነው። ጥሩ መምህር የሚታወቀው ተማሪውን አይቶ መጠኑን በመለወጡ ነው። ቪዲዮ የማይችለው አንዱ ነገር ደግሞ ይኸው ነው። ወገቡ ለታመመ ሹፌርም፣ ለሃያ ዓመት ሲለማመድ ለኖረም፣ ለጾመኛም፣ ቁርሱን ለበላም አንድ ነገር ነው የሚያሳየው። ሰባተኛው ቀን ሲሞላ ስምንተኛውን ያመጣል። ደርሰሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጌራንዳ ግን ወቅቱን እንኳ ይጠይቃል። የትንፋሽ ልምምድ በጸደይ ወይም በመኸር እንዲጀመር፣ በብርዱ፣ በሐሩሩና በዝናቡ ወራት የጀመረ ሰው ሕመም እንደሚያገኘው ይናገራል።

የበቾ ገበሬ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቃል። ጤፍ ደቃቅ ዘር ነው፤ መሬቱ እንደ ዱቄት መልፋት አለበት። ስለዚህ ይገመሳል፣ ይደገማል፣ ይሠለሳል፤ ከዚያም በላይ የሚያርስ አለ። ወሩን ጠብቆ ነው የሚዘራው። በመጀመሪያው እርሻ ላይ ጤፍ የበተነ ሰው በመስከረም የሚያየው አረም ነው። ያንን ሰው ሰነፍ ይሉታል እንጂ ፈጣን የሚለው የለም።

በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል። በመወድስ የጀመረ ባለቅኔ የለም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው የሚታዩበት ሥዕል በየቤቱ አለ፤ ሕዝቡ የሚያስታውሰው ያንን ነው። ገድላቸው ግን ከዚያ በፊት በአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ፣ በደብረ ዳሞም በረድእነት ያሳለፉትን ረጅም ዘመን ይተርካል። በአንድ እግር መቆሙ የመጣው ዕድሜያቸው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። ሥዕሉ የመሰላሉ ጫፍ ነው።

* * *

የቤቱን ጠብ የፈታው ጋሼም አይደሉ፣ የፊዚዮቴራፒዋ ባለሙያም አይደለች። እናቱ ናቸው።

በሰሙነ ሕማማት እናትየው ይሰግዳሉ። ልጁ አንገቱን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያያል። ዘንድሮ ከዓምና ያነሰ ሲሰግዱ አስተዋለና ጠየቃቸው። ጉልበታቸው ስላመማቸው የንስሐ አባታቸው እንደቀነሱላቸው ነገሩት። በልጅነታቸውም እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ የተሰጣቸው ጥቂት ነው፤ ሲበረቱ ተጨመረላቸው፤ ሲደክሙ ተቀነሰላቸው። ቀኖና የሚሰጠው በአቅም ነው፤ ለሁሉም አንድ አይደለም።

ከዚያ ቀና ብለው አዩት። “ያንተን ቀኖና የሰጠህ ማነው?” አሉት።

ለሁለተኛ ጊዜ ያው ጥያቄ ተጠየቀ። ይህኛው ግን የመጣው ከሚቃወሙት እናቱ ነው፤ በራሳቸውም ቋንቋ። ልጁ ጋሼ የነገሩትን ነገራቸው። ሕንዳዊው መምህር ጋሼን ጾም ላይ ስለሆንክ ተመለስ ብሎ እንደላካቸው ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉና “እሱስ አስተማሪ ነው” አሉ። ዮጋን አልተቀበሉም። ዛሬም ያ ስም በቤታቸው ባይጠራ ይመርጣሉ። ጠበሉም አልቀረም፤ ለእሳቸው ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንገቱን የሕንድ ጣዖት ጠመዘዘው አላሉም። ልጄ ቸኩሎ ነው ይላሉ።

ከፋሲካ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሁለት ቀላል እንቅስቃሴዎች ሰጠችው፤ አንዱ ለአንገት፣ አንዱ ለወገብ። ሦስተኛ እንድትጨምርለት ጠየቃት፤ ከሳምንታት በኋላ አይታው ካልሆነ እንደማትጨምር ነገረችው። ወንበሩንም አስተካክሎ ከመሪው ጋር እንዲያቀራርበው፣ ተራ ሲጠብቅም ተቀምጦ ስልክ ከማየት ወርዶ እንዲራመድ አዘዘችው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቪዲዮ የሚወጣው ነገር የለም። ማንም አያጨበጭብለትም።

የቀድሞዋን ሚኒባስ መልሶ አላገኛትም። ለጊዜው የገባው ልጅ ቀረባት። የተጂው ሹፌር አሁን የሌላ ሰው መኪና ይነዳል፤ ያረጀች ናት፤ የምታስገኝለትም ያንሳል። ለሃያ አንድ ቀን ተብሎ የተጀመረው ነገር ያስከፈለው ይህንን ነው።

የዚህ ዘመን ቸኩሎ የመውጣት ፍላጎት በዮጋ ብቻ የሚቆም ቢሆን ይህን ያህል መጻፍ ባላስፈለገ። በአምስት ቀን ሥልጠና የሥነ ልቦና አማካሪ የሚሆን አለ። ሦስት ወር ሳይነዳ የሕዝብ መኪና የሚይዝ አለ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሳያነብ በሃይማኖት የሚከራከር አለ። ለእያንዳንዱ የሚከፍል አንገት ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። መድኃኒቱ ዮጋን መከልከልም ዮጋን ማስፋፋትም አይደለም። አንድ ሰው ማንኛውንም ነገር ሊጀምር ሲል የስንተኛው እርከን ላይ እንደቆመ፣ ያለበትንም ማን እንዳየለት መጠየቅ ነው።

ጋሼ አሁንም አንዳንድ ጠዋት ወደ ሰበታ ሲሄዱ ጋቢና ይቀመጣሉ። ሹፌሩ ሰው እስኪሞላ ድረስ መሪውን ለቆ ጀርባውን ያቀናል፤ ትንፋሹን ሳይገፋ ሲገባና ሲወጣ ይከታተላል። አሥር ያህል ይቆጥራል። አንድ ቀን ከዚህ ቀጥሎ ምን እንዳለ ጠየቃቸው።

“እኔ እንጃ” አሉት ጋሼ። “እኔም እዚሁ ነኝ። ይልቅ ሞልቷል፤ ንዳው።”